ሰማያዊው ውታፍ

የእንስሳት ሐኪሙን ሞቶ ያገኘችው ውሻዋን ልታሳክም የመጣች ሴት ናት። ቅዳሜ፣ አስር ሰዓት ላይ። ውሻው የኋላ እግሩ ተሰብሮ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ እቅፏ ውስጥ ነበር። በሩን አንኳኳች፤ መልስ ሲጠፋ ገፋ አድርጋ ገባች። ከዚያ በኋላ የሆነውን ስትነግረን አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ደገመችው። «መጀመሪያ ውሻውን መሬት ላይ አስቀመጥኩት። ከዚያ ነው የጮህኩት» አለች። እኛ ስንደርስ ውሻው አሁንም ወለሉ ላይ ነበር። ዞር ብሎ ያየው ሰው አልነበረም።

ሐኪሙ ከመመርመሪያው ጠረጴዛ ጀርባ፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ስድሳ ሰባት ዓመቱ ነው። መነጽሩን አላወለቀም፤ የሸሚዙን እጅጌ እስከ ክንዱ ሰብስቧል። ደረቱ ላይ አንድ ጊዜ ተተኩሶበታል፤ በአደን ጠብመንጃ፣ ከጠረጴዛው ወዲህ ማዶ።

ሬሳ ሳይ ምንም የማይሰማኝ ከሆነ ቆይቷል። ድሮ ቢያንስ ምሳ አይበላልኝም ነበር። ያን ቀን ቆሜ ያሰብኩት ጫማዬን ደም እንዳይነካው ብቻ ነው።

አብራኝ የምትሠራው ሃምሳ አለቃ በጉልበቷ ተንበርክካ ከጠረጴዛው ስር፣ ከመድኃኒት ቁም ሳጥኑም ስር ፈለገች። እጇም ምላሷም ፈጣን የሆነች ሴት ናት።

«ቀለህ የለም» አለች ተነሥታ። «ወይ ለቅሞታል፣ ወይ ጠብመንጃው ውስጥ ይዞት ሄዷል።»

የተሰረቀ ነገር አልነበረም። ቁም ሳጥኑ እንደተቆለፈ ነው፤ ቁልፉ ሐኪሙ ኪስ ውስጥ ነው። መደርደሪያው ላይ በቡናማ ወረቀት ተጠቅልሎ በክር የታሰረ ጥቅል አለ። የቀጠሮ ደብተሩ ተከፍቶ ተቀምጧል፤ ለዚያ ቀን ሁለት መስመር ብቻ ተጽፎበታል። «ልብስ ሰፊዋ፣ ኮት። ውሻ፣ አስር ሰዓት።»

«ውሻውስ?» አለች ሃምሳ አለቃዋ።

ለሴትዮዋ ሌላ ሐኪም ያለበትን ቦታ ነገርናት። ውሻዋን አቅፋ ወጣች።

ከሐኪሙ ግቢ ጀርባ አንድ ዶሮ አርቢ ይኖራል። ሰፈሩ «ጭልፊት» ይለዋል፤ ቀኑን ሙሉ አንገቱን ቀና አድርጎ ጫጩቶቹ ላይ በሚያንዣብቡት ጭልፊቶች ላይ ስለሚተኩስ። በዚህ የተነሣ ቅዳሜ ከሰዓት የተኩስ ድምፅ ያልሰማ ጎረቤት የለም፤ ልብ ያለው ግን አንድም ሰው የለም። ከሁለት ወር በፊት ደግሞ ሐኪሙ በሽታ ገብቷል ብሎ ሦስት መቶ ዶሮ እንዲያስወግድ አዞት ነበር።

«ብያለሁ» አለ ገና ሳንጠይቀው። «ከዶሮዎቼ ጋር አንድ ጉድጓድ ውስጥ ነው የምቀብርህ ብዬዋለሁ። ሰው ሰምቷል። ተናዶ የማይናገር ሰው አለ?»

«ቅዳሜ ስንት ጊዜ ተኮስክ?» አልኩት።

«ሁለቴ። አንዱን ጠዋት፣ አንዱን ከምሳ በኋላ።»

«ከምሳ በኋላ ስንት ሰዓት ላይ?»

«እኔ ስተኩስ ሰዓት አላይም። ጭልፊት ነው የማየው።»

«መታኸው?» አለችው ሃምሳ አለቃዋ።

ትንሽ አፈረ። «እስካሁን መትቼ አላውቅም» አለ።

ጠብመንጃውንና ጥይቶቹን ወሰድን። ጥይቶቹ የፋብሪካ ናቸው፤ አረንጓዴ ፕላስቲክ፣ ገና ሽታቸው ያልለቀቀ። ሃምሳ አለቃዋ እሱንም እንውሰደው አለች። የሆስፒታሉን ውጤት እንጠብቅ አልኳት። አምኜው አይደለም፤ መቸኮል ስላልፈለግኩ ነው። ከተወሰነ ዕድሜ በኋላ ሁለቱን መለየት ያስቸግራል።

እሁድ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ሄድን። መንገድ ዳር ያለች አንዲት ክፍል ናት። ማሽኑ መስኮቱ ስር ተቀምጧል፤ ግድግዳው ላይ የወረቀት ልኮች ተሰቅለዋል። ሴትዮዋ ሃምሳዎቹን ጨርሳለች፤ ሜትሩ አንገቷ ላይ ነው። በር ላይ ቆመን ሳለ ከሚገባው በላይ ረዘም አድርጋ አየችኝና ወንበር ሰጠችኝ።

«ስድስት ሰዓት ላይ ኮቱን አደረስኩለት» አለች። «እጅጌው ተተርትሮ ነበር። ለብሶ አየው፤ ልኬ ነው አለኝ። አመስግኖኝ ወጣሁ። ከዚያ እስኪመሽ እዚሁ ማሽኔ ላይ ነበርኩ።»

«ያየዎት ሰው አለ?»

«ጎረቤቴ ትሰማኛለች። ግድግዳው ስስ ነው።»

«ከሐኪሙ ጋር እንዴት ነበር ትውውቃችሁ?»

«የባለቤቴ ጓደኛ ነበር። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ላሜ ስትታመም መጥቶ ያክማታል፤ የድካሙን ተቀብሎኝ አያውቅም። ጣራዬ ሲያፈስ ሰው ልኮ አስጠግኖልኛል። ልብሱን ሁሉ የምሰፋለት እኔ ነኝ።»

«ደግ ሰው ነበሩ ማለት ነው» አለች ሃምሳ አለቃዋ።

«ደግ ነበር» አለች ሴትዮዋ። ደንበኛ ለክታ ቁጥሩን ጮክ ብላ የምታነብ ነበር የሚመስለው።

ጎረቤቷ እግራቸውን የሚያማቸው አሮጊት ናቸው፤ ከአልጋቸው ብዙም አይወርዱም። «የእሷ ማሽን መቼ ቆሞ ያውቃል?» አሉን። «ስነቃም እሰማዋለሁ፣ ስተኛም እሰማዋለሁ።» ሃምሳ አለቃዋ ማስታወሻዋ ላይ «ማሽኑ ይሰማል» ብላ ጻፈች። እኔም አየሁትና አለፍኩት።

ሰኞ የሆስፒታሉ ዶክተር ጠራን። አንዲት ትንሽ ሳህን አወጣና ጠረጴዛው ላይ አኖረልን።

«ከእርሳሶቹ ሌላ ሦስት ነገር አውጥቻለሁ» አለ። «የዛሬ ጥይት ውስጡ ያለው ፕላስቲክ ነው። ይኼን እኔም አይቼ አላውቅም።»

አንዱ ወፍራም የሱፍ ጨርቅ ነው፤ በልክ የተቆረጠ፣ ክብ። ሁለተኛው ጠንካራ ካርቶን ነው፤ እሱም ክብ። ሦስተኛው ስስ ሰማያዊ ወረቀት ነው፤ ግማሹን ደም አበላሽቶታል፤ በንጹሑ በኩል የታተመ ነገር ይታያል። ሃምሳ አለቃዋ አጉሊ መነጽር ይዛ ጎንበስ አለች።

«የማባዣ ምልክት። ሰባት። እኩል ይሆናል። አምስት» አለች። ቀና ብላ አየችኝ። «ይኼ የደብተር ሽፋን ነው። ጀርባው ላይ ያለው የማባዛት ሠንጠረዥ። ስምንት ሲባዛ በሰባት።»

«ሃምሳ ስድስት።»

«ስድስቷ ተቆርጣ ቀርታለች።»

እኔም አየሁት። የሦስቱም ክቦች ጠርዝ አንድ ቦታ ላይ እንደ ጥርስ ብቅ ብሏል፤ የቆረጣቸው መሣሪያ ከንፈሩ የተሸረፈ ይመስላል። ጭልፊት የዚያኑ ዕለት ጠብመንጃውን አስመለሰ። ሲወጣ «አሁን ይቅርታ የሚጠይቀኝ ማን ነው?» አለ። ማንም አልጠየቀውም።

«በእጅ የተሞላ ጥይት ነው» አልኩ። «ዛሬ እንዲህ የሚሠራ ሰው የት ይገኛል?»

«የሚሠራ አላውቅም» አለች ሃምሳ አለቃዋ። «ዕቃውን መስኮት ላይ የደረደረ ሰው ግን አውቃለሁ።»

የሰዓት ሠሪው ሱቅ ጠባብ ናት። መስኮቷ ላይ ከግድግዳ ሰዓቶቹ መሐል አንድ የእንጨት ሳጥን ተከፍቶ ተቀምጧል። ውስጡ የናስና የእንጨት ዕቃዎች በየጎድጓዳቸው ተኝተዋል፤ እያንዳንዱ እጀታ በአንድ ሰው መዳፍ ተፍቆ ለስልሷል። ሳጥኑ አጠገብ ሦስት የወረቀት ጥይቶች ቆመዋል። አፋቸው ላይ ያለው ክብ የአንዱ ቀይ፣ የአንዱ ሰማያዊ፣ የአንዱ ነጭ ነው።

ሰዓት ሠሪው ሃምሳ ዓመት ገደማ ይሆነዋል። አጉሊ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ገፍቶ ተቀበለን።

«የአባቴ ናቸው» አለ። «ለዚህ አካባቢ አዳኞች ጥይት የሚሞላላቸው እሱ ነበር። አባባ ባሩድ ነበር የሚሉት። ዕቃ ቤቱን ሳጸዳ አገኘኋቸውና ከወር በፊት እዚህ አወጣኋቸው። ሰው ቆሞ ያያል። ቆሞ ካየ ደግሞ የሰዓቱ ማሰሪያ ማለቁ ትዝ ይለዋል።»

«እንዴት እንደሚሠሩ ያሳዩን» አልኩት።

ደስ አለው። አንድ ባዶ ቀለህ አነሣ፤ ጎኑ ወረቀት፣ ታቹ ናስ። «ይኼ ከተተኮሰ በኋላ አይጣልም፤ ተመልሶ ይሞላል» አለ። ቀጭኗን ብረት አሳየን፤ በእሷ ታቹ ላይ ያለችውን፣ ባሩዱን አቀጣጥላ ያለቀችውን ትንሽ ቆብ ገፍቶ ያወጣል። የባሩድ መስፈሪያዋን አሳየን፤ እንደ ጣት ጫፍ ትንሽ ናት። «ባሩዱ ላይ ውታፍ ይገባል፤ ካርቶን፣ ከዚያ ሱፍ። በዚህ እንጨት ይጠቀጠቃል። እርሳሱ ይጨመራል። ከላይ ስስ ውታፍ ይለብሳል። መጨረሻ ላይ ደግሞ እቺ።»

ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ በብሎን የምትታሰር፣ ትንሽ እጀታ ያላት የናስ ዕቃ ናት። ባዶውን ቀለህ አፏ ውስጥ ከትቶ እጀታዋን ሲያዞር የወረቀቱ ጠርዝ ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ተጠቀለለና ለስላሳ ከንፈር ሠራ።

«ደስ ስትል» አለች ሃምሳ አለቃዋ ሳታስበው።

«ውታፉ በምንድን ነው የሚቆረጠው?» አልኩ።

ክብ አፍ ያለውን የብረት መቁረጫ ሰጠኝ። እኔ ደግሞ በላስቲክ የታሸገውን ሰማያዊ ክብ ሰጠሁት። መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ። ክቡን አየ፤ የመቁረጫውን አፍ አየ፤ እንደገና ክቡን አየ። ፊቱ ተለወጠ።

«የአባቴ መቁረጫ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «አንድ ቀን ሚስማር ላይ መትቶት ተሸረፈ። ልጅ ሆኜ ነው፤ ሦስት ቀን ሙሉ ቤቱን አኩርፎ ነበር። ይኼን የት አገኛችሁት?»

«ሐኪሙ ደረት ውስጥ።»

ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

«ቅዳሜ ከሰዓት የት ነበሩ?»

«መሰላል ላይ» አለ። «የአውቶቡስ ጣቢያውን ሰዓት ሳድስ ነበር፤ ከአምስት ተኩል እስከ አስር። ሰዓቱን አቁሜው ስለነበር አንዱ መንገደኛ አውቶቡስ አመለጠውና እዚያው ስሬ ቆሞ ሰደበኝ። ማንነቱን አላውቅም። ስድቡን ግን ቃል በቃል ልነግራችሁ እችላለሁ።»

ሃምሳ አለቃዋ ወጥታ ለጣቢያው ስልክ ደወለች። ትኬት ሻጯ፣ ዘበኛው፣ ሁለት ሾፌሮች፣ ሁሉም አይተውታል። ሰዓቱ ሳይሠራ ስለዋለ ሰው ሁሉ ቀና ሲል የሚያየው እሱን ነበር።

እኔ መቁረጫውን ብርሃን ላይ አዙሬ አየሁት። ውስጡ ዝገት ሞልቶታል። በቅርቡ ተቆርጦበት ቢሆን ዝገቱ ከጠርዙ ይረግፍ ነበር። «ውታፉ የተቆረጠው አባትዎ በሕይወት ሳሉ ነው» አልኩት።

«ከሞተ ሃያ ዓመቱ ነው።»

«የዚያን ያህል የቆየ ጥይት ይተኮሳል?» አለች ሃምሳ አለቃዋ።

«ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ እኔንም እርስዎንም ይቀብራል።»

ከሳጥኑ ክዳን ኪስ ውስጥ አንድ ትንሽ ማስታወሻ አወጣልን። የአባትየው ጽሕፈት ትልቅና ቀጥ ያለ ነው። ጥይቱ እንዳይቀላቀል የየሰዉን ውታፍ በየቀለሙ ለይቶ መዝግቧል። «ቀይ፦ የሐኪሙ። ራሱ ካመጣው የመድኃኒት ካርቶን። ሰማያዊ፦ የመምህሩ። ከደብተር ሽፋን። ነጭ፦ የራሴ።»

«መምህሩ የት ነው ያለው?» አልኩ።

«ሞቷል። ከሐኪሙ ጋር አደን ወጥተው ሳለ ተደናቅፎ ወደቀ፤ በገዛ ጠብመንጃው ነው ተባለ። አባቴ ከዚያ ቀን ወዲህ ለማንም አልሞላም።» ዓመቱን ነገረኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል።

ያን ዓመት እዚሁ ፖሊስ ጣቢያ ነበርኩ፤ አዲስ መርማሪ። ከዚያ ብዙ ቦታ ዞሬ ነው የተመለስኩት። መቁረጫውን ሳጥኑ ውስጥ ቦታው መለስኩት።

«ሳጥኑን ካወጡት ወዲህ ስለእሱ የጠየቀዎት ሰው አለ?»

«ሁሉም ያያል። የጠየቀችኝ ልብስ ሰፊዋ ብቻ ናት። የእጅ ሰዓት ልታስጠግን መጥታ መስኮቱ ጋ ብዙ ቆመች። ቀዩ የማን ነው አለችኝ። የሐኪሙ ነው አልኳት። ሰዓቷን ሳትወስድ ሄደች።» አጉሊ መነጽሩን ወደ ግንባሩ መለሰ። «የመምህሩ ሚስት ናት እኮ።»

መዝገብ ቤቱ ምድር ቤት ነው። የመምህሩን ፋይል ለማግኘት አንድ ሰዓት አልፈጀም። ስስ ነው፤ ሦስት ወረቀት።

የመጀመሪያው የሞት ማረጋገጫ ነው። የሆስፒታሉ ዶክተር ፈቃድ ላይ ስለነበረ ሬሳውን መርምሮ የፈረመው የእንስሳት ሐኪሙ ነው። ሁለተኛው የምርመራ ሪፖርት ነው፤ ግማሽ ገጽ። ብቸኛው የዓይን ምስክር ያው ሐኪም ነው። «ሟች ተደናቅፈው በመውደቃቸው በያዙት ጠብመንጃ ሕይወታቸው አልፏል። የሌላ ሰው እጅ የለበትም። ተዘግቷል።» ሦስተኛው የርክክብ ደረሰኝ ነው። «አንድ ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠብመንጃ፣ አሥራ አንድ ጥይት፣ አንድ ኮት ለሟች ባለቤት ተመልሷል።» ከስር ሁለት ፊርማ አለ። አንዱ የእሷ ነው። ሌላው የእኔ።

ጠብመንጃውን በእጄ የሰጠኋት እኔ ነኝ። የያኔ ፊቷን ለማስታወስ ሞከርኩ። አልመጣልኝም።

ፋይሉን ለሃምሳ አለቃዋ ሰጠኋት። አነበበችው፤ ፊርማው ላይ ስትደርስ ቆመች።

«አለቃችን ይወቅ?» አለች በመጨረሻ።

«ዛሬ ጽፌ አስገባለሁ» አልኳት። ጻፍኩ። ግማሽ ገጽ ወጣው። አለቃችን አንብቦ መሳቢያው ውስጥ አስቀመጠውና «መጀመሪያ ይኼን ጨርስ» አለኝ።

ሃምሳ አለቃዋ ጎረቤቲቱ ዘንድ ተመለሰች። እኔ በር ላይ ቆሜ ሰማኋቸው።

«እማማ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ማሽኑን ሰምተዋል? ሌላ ቀን አይደለም። ቅዳሜ።»

አሮጊቷ ብዙ አሰቡ። «ቅዳሜ እግሬን በሙቅ ውሃ ስዘፈዝፍ…» አሉ። «ዝም ብሎ ነበር። እንዲያውም አሟት ይሆን ብዬ ነበር። ኋላ ግን ወደ ማታ ጀመረ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩንም?»

«ማሽኗ ይሰማል ወይ አላችሁኝ። ይሰማል አልኩ። ልጄ፣ የጠየቃችሁኝን ነው የመለስኩት።»

ከዚያ ጣቢያ ሄደን ከሐኪሙ መደርደሪያ ያነሣነውን ጥቅል ከዕቃ ክፍል አወጣን። ክሩ በድርብ ቋጠሮ ታስሯል፤ ጫፉ እኩል ተቆርጧል። ማንም አልፈታውም። በወረቀቱ መገጣጠሚያ በኩል የነጭ ኮት እጅጌ ይታያል። ለብሶ አየው ያለችን ኮት ነው።

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ስንገባ ማሽኗ ላይ ነበረች። ሃምሳ አለቃዋ ጥቅሉን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«እትዬ፣ ለብሶታል ብለውን ነበር» አለቻት። «ክሩ አልተፈታም።»

ልብስ ሰፊዋ እግሯን ከፔዳሉ አነሣች። ቋጠሮውን አየችው። «የእኔ ቋጠሮ ነው» አለች።

ተነሥታ ከመደርደሪያው አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አወረደች። ቁልፍ ሞልቶበታል፤ የሸሚዝ፣ የካፖርት፣ የሕፃን ልብስ። ቁልፎቹን በጣቷ ገለል አድርጋ ከስር የታጠፈ ጨርቅ አወጣች፤ ፈታችውና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ትልቅ ቁልፍ የሚያክል ክብ ወረቀት ነው። ቀይ ነው፤ ግማሹ ግን ጠቁሯል። ጠርዙ ላይ ያችው ጥርስ አለች።

«ያኔ የባለቤቴን ኮት ሰጥታችሁኝ ላጥበው ስል ገበሩ ውስጥ ተሰክቶ አገኘሁት» አለች። «ቁልፍ መስሎኝ ነበር። ምን እንደሆነ አላወቅኩም። የሱ ደም ስላለበት መጣል አልሆነልኝም። ከቁልፎቼ ጋር አስቀመጥኩት።»

«ከዚያ ሰዓት ሠሪው መስኮት ላይ አዩት» አልኩ።

«ልኩ ልክ ነበር። እኔ ልክ አይጠፋኝም።»

ሃምሳ አለቃዋ ወንበር ስባ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። አላቋረጠቻትም።

«ቅዳሜ ኮቱን ይዤ ሄድኩ። ጠብመንጃው ለሁለት ይፈታል፤ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ይኼን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት። መነጽሩን አደረገና አየው። ከዚያ ተቀመጠ። ምን እንደሆነ አልጠየቀኝም።»

«ምን አለዎት?»

«ሣሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ፣ ሚዳቋ መሰለኝ፣ ተኮስኩ አለ። ሮጬ ስደርስ እሱ ነው አለ። ከዚያ ፈራሁ አለ። የባለቤቴን ጠብመንጃ አንሥቶ አንዴ ወደ ሰማይ ተኮሰበትና አጠገቡ አስቀመጠው። ይኼን ሁሉ ሲነግረኝ ዝም ብዬ ሰማሁት። ስህተት ነው። ሰው ይሳሳታል። ወደ ቤቴ ልመለስ ነበር።»

«ታዲያ?»

«ወዲያው ነው የሞተው? አልኩት። እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው የጠየቅኩት። አይ፣ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቷል አለኝ። ምን አደረግክለት አልኩት። አጠገቡ ተቀምጬ ነበር አለ። ቦርሳህስ? አልኩት። ለከብት መስፊያ የሚይዘው ክር፣ ፋሻ፣ መርፌ፣ ደም ማቆሚያ ያለበት ቦርሳ ነበረው፤ ከእጁ አይለይም። መኪናው ውስጥ ነበር አለኝ። መኪናውስ? ስለው… መንገዱ ዳር፣ ከዚያ ይታይ ነበር አለ።»

ቀዩን ክብ በጣቷ ትንሽ አስጠጋችው፤ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ቀጥ እንዲል።

«ሲናገር ቀለል እያለው ሄደ። ይታየኛል። ሃያ ሁለት ዓመት ተሸክሞት አሁን ያወረደው መሰለ። ሲጨርስ አሁን ምን ይሻላል አለኝ። ጠብመንጃውን ገጠምኩ። ሲያየኝ አልተነሣም።»

«ጠብመንጃውን ለምን ይዘው ሄዱ?» አልኩ።

«እንዲያየው። እኔም እንዲህ ነው ያሰብኩት።» ከዚያ «አላውቅም» አለች።

ጠብመንጃው ማሽኑ ስር በአሮጌ አንሶላ ተጠቅልሎ ነበር። ሃምሳ አለቃዋ ከፈተችው፤ የተተኮሰው የወረቀት ቀለህ አሁንም ውስጡ ነው። አሥሩ ጥይት በጨርቅ ከረጢት ውስጥ ነበሩ፤ አፋቸው ሰማያዊ ነው። የማባዛት ሠንጠረዡ በቁርጥራጭ ይነበባል።

«የባለቤትዎን ጉዳይ የያዝኩት እኔ ነበርኩ» አልኳት።

«አውቃለሁ። እሁድ በር ላይ ሲቆሙ ነው ያወቅኩዎት።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ምን ብዬ?»

ያደረግኩትን ጽፌ ማስገባቴን ነገርኳት። ጥሩ ነው አለች፤ የኮት ልክ እንደነገርኳት ያህል። ከዚያ ማሽኑ ላይ ወዳለው ቀሚስ ዞረች።

«የሰው ልብስ ነው» አለች። «ነገ ሊወስዱት ይመጣሉ። የቀረኝ ጠርዙ ብቻ ነው። ልጨርሰው?»

ሃምሳ አለቃዋ አየችኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። በር ላይ ቆመን ጠበቅናት። ማሽኑ ለሩብ ሰዓት ያህል ሠራ። ከግድግዳው ወዲያ አሮጊቷ ሲያስሉ ይሰማል። ሲያልቅ ክሩን በጥርሷ ቆረጠች፤ ቀሚሱን አጥፋ የደንበኛዋን ወረቀት ደረቱ ላይ በመርፌ ያዘችው፤ መስኮቱን ዘጋች። ላሟን ጎረቤት እንዲያልባት ለሃምሳ አለቃዋ አደራ ሰጠቻት። ሃምሳ አለቃዋም እሺ ብላ የጎረቤቱን ቤት ጠየቀቻት።

መኪናው ውስጥ ከኋላ ተቀመጠች፤ እኔ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሃምሳ አለቃዋ ሞተሩን አስነሣች። ከከተማው ወጣ ብለን ድልድዩን ስናልፍ ነው የተናገረችው።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለች። «ባለቤቴ የሞተ ዕለት ሬሳው ያለበት ድረስ መጥተው ነበር፤ እኔም እዚያ ነበርኩ። ቆመው አዩት። ከዚያ የሐኪሙን ወረቀት ተቀብለው ሄዱ። ለምን ነው የሄዱት?»

ልዋሽ እችል ነበር። አዲስ ነበርኩ፣ ዶክተር አልነበረም፣ ሐኪሙን ሁሉም ያከብረው ነበር ማለት እችል ነበር። ሁሉም እውነት ነው። ግን ያን ቀን ያሰብኩት አንዱንም አልነበረም፤ ምን እንዳሰብኩ ደግሞ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ።

«ሰማዩ ጠቁሮ ነበር» አልኳት። «ጎርፍ መንገዱን ሳይዘጋው ቤቴ ለመግባት ቸኩዬ ነበር።»

ራሷን ነቀነቀች። በመስኮቱ እርሻውን አየች።

«ታዲያ ዘነበ?» አለችኝ።

«አልዘነበም።»